ቃል በሌለበት ሆረር ውስጥ የሚያስፈራን ዝምታው ነው ወይስ ድምፁ?

ሌሊት ወፍ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ሰሞኑን ገጸ ባሕርያቱ የማይናገሩባቸውን አስፈሪ ፊልሞች እየፈለግኩ እያየሁ ነው። አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ስለሰነበተ ክር ልክፈትበት።

በተለመደው ፊልም ሰው ሲናገር ጆሯችን ቃሉን ተከትሎ ይሄዳል። ንፋሱም፣ በሩም፣ ኮቴውም አጃቢ ሆነው ይቀራሉ። ፈረንሳዊው የሲኒማ ድምፅ ተመራማሪ ሚሼል ሺዮን በዚህ ላይ ብዙ ጽፏል። ሲኒማ የሰውን ድምፅ ከሌላው ድምፅ ሁሉ ያስበልጣል ባይ ነው። እሺ፣ ንግግሩን ብናወጣውስ? ጆሮ ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታ ጆሮ ደግሞ የማይሰማው ነገር የለም።

የ2023ቱን «ኖ ዋን ዊል ሴቭ ዩ» እንውሰድ። ብቻዋን የምትኖር ወጣት ናት። ሌሊት ቤቷ ውስጥ ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ይገባባታል። በፊልሙ በሙሉ የሚነገሩት ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ምን መጣ፣ የት ደረሰ፣ ቆመ ወይስ እየተራመደ ነው? ይህን ሁሉ የምንለየው ከኮቴውና ከጉሮሮው ድምፅ ነው። እሷ ትንፋሿን ውጣ ስታዳምጥ እኛም አብረናት እናዳምጣለን። ተዋናይዋና ተመልካቹ አንድ ሥራ ላይ ናቸው። ንግግር ባለበት ፊልም እንዲህ ያለ ነገር ብዙም አይገጥምም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የሚያስፈራን ዝምታው ራሱ ነው ወይስ ዝምታውን ሰብሮ የሚመጣው ድምፅ?

ዝም_አይነቅዝም

ዝምታው። አለቀ፣ ክሩን ዝጉት 😂

ባዮ_ተማሪ

አይዘጋም! ነገሩ ሁለት የተለያየ ፍርሃት ነው። አንዱ ድንጋጤ ነው። ከባድ ድምፅ በድንገት ሲመታህ ዓይንህ ይጨፈናል፣ ትከሻህ ይሰበሰባል። ይሄ ከሰከንድ አንድ አሥረኛ በፊት የሚሆን ነገር ነው። ገና ሳታስብ ሰውነትህ መልሶ ጨርሷል። ፊልሙ ጥሩ ሆነ መጥፎ ለውጥ የለውም፣ ሰውነት አይመርጥም። ለዚህ ነው ጃምፕ ስኬር (በድንገት የማስደንገጥ ዘዴ) ርካሽ ነው የሚባለው።

ሁለተኛው ስጋት ነው። እሱ የሚሠራው ገና ባልመጣው ነገር ላይ ነው። ዝምታ የስጋት ቤት ነው። ስለዚህ ዝም_አይነቅዝም ግማሹን ልክ ነህ።

ሚክሰር

ኑሮዬ የፊልም ድምፅ ማቀናበር ነውና አንድ ነገር ልጨምር። ልጆች፣ ፊልም ውስጥ ዝምታ የሚባል ነገር የለም። ዝምታ ብላችሁ የምትሰሙት ሁሉ ተሠርቶ የተቀመጠ ድምፅ ነው።

ቀረጻ ላይ አንድ ትዕይንት ሲያልቅ የድምፅ ባለሙያው ሁሉንም ዝም ያሰኛል። ተዋናዩም መብራት ያዡም ባለበት ይቆማል። ከዚያ ለግማሽ ደቂቃ ወይም ለአንድ ደቂቃ ባዶው ክፍል ይቀዳል። «ሩም ቶን» እንለዋለን። ማንኛውም ክፍል የራሱ ድምፅ አለው። የአየር ማስገቢያው፣ የመብራቱ እዝዝታ፣ ግድግዳውን አልፎ የሚመጣው ነገር፣ ሁሉም ተደምሮ ማለት ነው። በኤዲቲንግ ጊዜ ይሄ ከሥር ካልተነጠፈ ሾት በተቀየረ ቁጥር ድምፁ ጉድጓድ ይገባል። ተመልካቹ ምን እንደሆነ ባያውቅም የሆነ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል።

ድምፁን ሙሉ በሙሉ ዜሮ ብታደርጉትስ? ሲኒማ ቤት ውስጥ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ የፕሮጀክተሩን ክፍል ያያል። ቤቱ ያለው ደግሞ ሪሞቱን ያነሳል። ማንም አይፈራም፣ ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ነው የሚያስበው።

የሙዚቃ ቀማሪው ጆን ኬጅ በ1951 ሃርቫርድ ውስጥ ድምፅን ሙሉ በሙሉ የሚውጥ ክፍል ገብቶ ነበር። እዚያም ሁለት ድምፅ ሰማሁ ብሎ ወጣ፤ አንድ ቀጭን፣ አንድ ወፍራም። ከራሱ ሰውነት የሚመጡ ነበሩ። ፍጹም ዝምታ የትም የለም ማለት ነው።

ታዲያ ዝምታን እንዴት ታሰማለህ? ሃንጋሪያዊው የፊልም ሐያሲ ቤላ ባላዥ ድሮ መልሶታል። ዝምታ የሚሰማን ሩቅ ያለ ትንሽ ድምፅ ስንሰማ ነው ይላል። ከሌላ መንደር የሚመጣ የዶሮ ጩኸት ከተሰማህ፣ በአንተና በዶሮው መካከል ምንም እንደሌለ ታውቃለህ። ሆረር ላይም ያው ነው። ቤቱ ጭር ማለቱን ማሳየት ከፈለግክ ሦስት ክፍል አልፎ ያለውን ሰዓት አሰማ።

ራስጌ_መብራት

ጋሽ ሚክሰር በጣም ጥሩ ነው የነገሩን፣ ግን አንድ ነገር ልከራከርዎ። «ኤ ኳይት ፕሌስ» (2018) ላይ፣ ያ ድምፅ ተከትለው የሚገድሉ ፍጡራን ያሉበት ፊልም፣ ድምፁ ጭራሽ ዜሮ የሚሆንበት ቦታ አለ። መስማት የተሳናት ልጅ ጋ ካሜራው ሲሄድ። ያኔ ማንም ሪሞት ያነሳ አይመስለኝም። እኔ ራሴ ደርቄ ነው የቀረሁት።

ሚክሰር

ልክ ነሽ፣ ሠርቷል። ለምን እንደሠራ ግን እዪው። የድምፅ ዲዛይነሮቹ ኤሪክ አዳልና ኢታን ቫን ደር ሪን ዜሮውን ዝም ብለው አልወረወሩትም። የልጅቷ የመስሚያ መሣሪያ ሲበራ ወፈር ያለ የ«እምም» ድምፅ አለ። ሲጠፋ ዜሮ ነው። ከጎኗ ያለው አባቷ ጋ ካሜራው ሲመለስ ደግሞ ቅጠሉም ንፋሱም ይመለሳል። እነዚህን ደረጃዎች ቀስ ብለው አስተምረውሻል። ስለዚህ ዜሮው ሲመጣ የማን ዜሮ እንደሆነ ታውቂያለሽ። የእሷ ጆሮ ነው። ከኋላዋ የሚመጣውን እሷ አትሰማም፣ አንቺ ደግሞ ታዪዋለሽ።

ባለቤት ያለው ዜሮና ባለቤት የሌለው ዜሮ አንድ አይደሉም።

ነገረኛው

ሁላችሁም በጣም ተመስጣችኋል፣ ትንሽ ልረብሽ።

ለእኔ ከእነዚህ ፊልሞች ግማሾቹ ማሳያ ብልሃት ናቸው፣ ሌላ ምንም የላቸውም። ሰው ለምንድነው የማይናገረው? መናገር ሞት ስለሚያመጣ ከሆነ ገባኝ። የሚያናግረው ሰው ከሌለም ገባኝ። በምልክት የሚነጋገሩ ከሆነም እሺ። ምክንያቱ «ዳይሬክተሩ ስለፈለገ» ብቻ ሲሆን ግን ፊልሙን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የምቀመጠው፤ ይቺ ሴት ለምን አትጮህም? ጣቷ በር ላይ ተቆርጦ እንኳ ቃል አይወጣትም! ስጋት መሆኑ ቀርቶ እንቆቅልሽ ይሆንብኛል።

ሁለተኛው ንዴቴ ሙዚቃው ነው። ንግግር የለም ብለው ያስተዋውቃሉ፣ ከዚያ ቫዮሊኑ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሲለፈልፍ ያመሻል። «አሁን ፍራ፣ አሁን እዘን፣ አሁን ተንፍስ» ይለኛል። ይሄ ንግግር ካልሆነ ምንድነው? የሰውን አፍ ዘግተህ የኦርኬስትራውን ከከፈትክ ዝም አላልክም።

ሌሊት ወፍ

ነገረኛው ዛሬ ስምህን አስመሰከርክ 😄 የሙዚቃው ነገር ግን እውነትህን ነው።

ሁለት ተቃራኒ ታሪኮች አሉ። «ሪፊፊ» (1955) ላይ ሌቦቹ የጌጣጌጥ መደብር የሚሰብሩበት ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚወስድ ክፍል አለ። አንድም ቃል የለም፣ ሙዚቃም የለም። መዶሻ፣ ገመድ፣ የሚረግፍ ኖራ፣ ትንፋሽ። ሆረር አይደለም፣ ግን ከብዙ ሆረር በላይ ያስጨንቃል። አቀናባሪው ዦርዥ ኦሪክ ለዚያ ክፍል ሙዚቃ ሠርቶ ነበር። ዳይሬክተሩ ጁልስ ዳሲን በሙዚቃና ያለ ሙዚቃ ሲያሳየው ራሱ አቀናባሪው ያለ ሙዚቃው ይሻላል አለ።

በሌላ በኩል «ሳይኮ» (1960) አለ። ዳይሬክተሩ ሒችኮክ የሻወሩ ትዕይንት፣ ሴትየዋ የምትገደልበት፣ ያለ ሙዚቃ እንዲሆን ነበር የፈለገው። አቀናባሪው በርናርድ ኸርማን ግን ቫዮሊኖቹን ጽፎ አሰማው፣ ሒችኮክም ሐሳቡን ቀየረ። እንግዲህ ማን ነው ትክክል?

ባዮ_ተማሪ

ሁለቱም! የሻወሩ ቫዮሊን እኮ ዜማ አይደለም፣ ጩኸት ነው። በዚህ ላይ የሚገርም ጥናት አለ። ዳንኤል ብሉምስታይን የሚባል ተመራማሪ ዋና ሥራው ማርሞት የሚባሉ የዱር አይጥ ዘመዶች ላይ ነው። ግልገሎቹ ሲያዙ የሚያወጡት ድምፅ ይሰነጠቃል፣ ይሻክራል፣ ከቅጥ ይወጣል። የሰው ሕፃን ጩኸትም እንደዚያው ነው። ከዚያ እሱና ባልደረቦቹ በ2010 የታወቁ ፊልሞችን ድምፅ መርምረው፣ የፊልም ባለሙያዎች ይህንኑ ሻካራ ድምፅ እንደ ፊልሙ ዓይነት እየመረጡ እንደሚጠቀሙበት አሳዩ። ማንም የእንስሳት ጥናት አንብቦ አይደለም፣ በጆሮ ብቻ ደርሰውበታል።

ስለዚህ ሻካራ ቫዮሊን ሰውነታችን ውስጥ ሙዚቃ በሚባለው በር ሳይሆን ማስጠንቀቂያ በሚባለው በር ነው የሚገባው። ነገረኛውን የሚያናድደው ሌላኛው ዓይነት ነው፤ ስሜት የሚያስረዳው ለስላሳ ዜማ።

ነገረኛው

እሺ ይሄን ተቀብያለሁ። ግን ጣቷን ስትቆረጥ ለምን እንደማትጮህ አሁንም አልነገራችሁኝም።

በዓይኔ

ክሩን ሳነብ ቆይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ከልጅነቴ ጀምሮ አልሰማም። ስለዚህ እናንተ «ንግግር የለውም» የምትሉት ፊልም ለእኔ ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ንግግር በሌለበት ፊልም ዓይኔን ከታች ጽሑፍ ወደ ላይ ሥዕል ማመላለስ አይኖርብኝም። ሁሉን ነገር ከተዋናይዋ ፊት አገኘዋለሁ። ወዴት እንደዞረች፣ ትከሻዋ እንዴት እንደቆመ፣ ድምፁ ከየት እንደመጣ ዓይኗ ይነግረኛል። ጥሩ ተዋናይ ድምፅን በሰውነቷ ታሳያለች። መጥፎዋ ደግሞ ድምፁ ተመልካቹን እንዲያስፈራላት ትጠብቃለች። እኔ ልዩነቱን ወዲያው ነው የማየው።

አሁን መጥፎውን። ሰብታይትል የሚጽፉት ሰዎች ፊልሙን ያበላሹብኛል። ስክሪኑ ላይ ገና ምንም ሳይታይ «ከኋላ ወለሉ ተንቋቋ» የሚል ይወጣል። በቃ፣ አወቅኩ። እናንተ «ሰማሁ ወይስ መሰለኝ?» ብላችሁ የምትጠራጠሩበትን ጊዜ እኔ አላገኘውም። ወይ ደግሞ «አስጨናቂ ሙዚቃ» ብለው ይጽፉና ለአሥር ደቂቃ ይጠፋሉ። አስጨናቂ መሆኑንማ እኔ ልፍረድ እንጂ! «አንድ ቀጭን ድምፅ እየጨመረ ይመጣል» ቢሉኝ ራሴ እጨነቅ ነበር።

ለነገረኛው ደግሞ፦ «ዘ ትራይብ» የሚባለውን የ2014 የዩክሬን ፊልም እይ። ሙሉ በሙሉ በምልክት ቋንቋ ነው፣ ሆን ተብሎ ሰብታይትል የለውም። ንግግር አልባ ነው የሚሉት ሰዎች አሉ። ሲያወሩ ነው የሚያመሹት! እናንተ ስላልገባችሁ ነው። የሚሰሙ ጓደኞቼ ከሁለት ሰዓት በላይ ተጨንቀው ወጡ። እንኳን ደህና መጣችሁ አልኳቸው።

ራስጌ_መብራት

በዓይኔ፣ ይሄ የክሩ ምርጥ መልስ ነው። መስማት የተሳነው ሰው ሆረር ውስጥ ማስፈራሪያ መሣሪያ ብቻ ሲሆን አያናድድሽም? «አትሰማም፣ ስለዚህ ትያዛለች» የሚለው ነገር ማለቴ ነው።

በዓይኔ

ያናድደኛል። የሚሰማ ሰው «አለመስማት እንዴት ያስፈራል» ብሎ ገምቶ ሲጽፈው ያስታውቃል። እኔ ቤቴ ውስጥ ስሆን አልፈራም፣ ያደግኩበት ነው። «ኤ ኳይት ፕሌስ» ላይ የምትሠራዋ ሚሊሰንት ሲሞንድስ ራሷ መስማት የተሳናት ስለሆነች እዚያ ልዩነቱ ይታያል። እጇ ሲናገር ጥናት አይመስልም። ቤተሰቡም የተረፈው በምልክት ስለሚግባባ ነው። ለአንድ ጊዜ እንኳ የኛ ቋንቋ ጥቅም ሆኖ ታየ።

ሌላው፦ ወፍራም ድምፅ ወንበሬ ውስጥ ይሰማኛል። ጥሩ ሲኒማ ቤት ከሆነ ሆዴ ድረስ ይገባል። ላፕቶፕ ላይ ግን ምንም የለም።

ሚክሰር

ላፕቶፕ ላይ ለሚሰማውም ሰው የለም፣ እህቴ። ትንንሾቹ ስፒከሮች ያን ወፍራም ድምፅ ማውጣት አይችሉም። ሆረር ፊልምን በላፕቶፕ ማየት ታችኛውን ፎቅ አፍርሶ ማየት ነው።

አንድ የሙያ ነገር ልንገራችሁ። ድምፅ ከየት እንደመጣ የምንለየው በሁለቱ ጆሯችን መካከል ባለው የጊዜ ልዩነትና የጥንካሬ ልዩነት ነው። የጊዜ ልዩነቱ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ አይሞላም፣ አንጎል ግን ይለካዋል። ስለዚህ ቀጭንና ቁርጥ ያለ ድምፅ፣ ለምሳሌ የሚንቋቋ ጣውላ፣ ጠቋሚ ነው። «እዚያ ነው!» ይላል። በጣም ወፍራም የሆነው ደግሞ ቦታ የለውም። ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ በሁሉም በኩል ነው። ጎበዝ ዲዛይነር ሁለቱን ለይቶ ይጠቀማል። ስጋቱን በወፍራሙ ያነጥፋል፣ ፍጡሩን በቀጭኑ ያንቀሳቅሳል።

ዝም_አይነቅዝም

ቀልዴን ትቼ ልመለስ። ወፎች ሰው የሚያጠቁበት «ዘ በርድስ» (1963) የተለመደ የፊልም ሙዚቃ የለውም። ኦስካር ሳላ ትራውቶኒየም በሚባል የኤሌክትሪክ መሣሪያ የወፍ ድምፅ ሠርቷል። ኸርማን ራሱ የድምፅ አማካሪ ሆኖ ነበር፣ ያው የቫዮሊኑ ሰውዬ።

ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ትምህርት ቤቱ ጋ ያለውን ትዕይንት ነው። ሴትየዋ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ታጨሳለች፣ ከኋላዋ ቁራዎቹ አንድ በአንድ ይሰበሰባሉ። ሰው ሲተርከው «ጸጥታው ገደለኝ» ይላል። ግን እኮ ጸጥታ የለም! ከውስጥ ልጆች ይዘምራሉ። ጸጥ ያሉት ወፎቹ ብቻ ናቸው። መዝሙሩ ባይኖር ዝም ማለታቸውን ማን ልብ ይል ነበር?

በኋላ ደግሞ ቤቱ ታሽጎ ሰዎቹ ውስጥ ሆነው ጥቃቱን የሚሰሙበት አለ። ወፎቹ ብዙም አይታዩም። ድምፁ ግን ግድግዳውን ሊያፈርሰው ነው። እዚያ ጋ ማንም ቃል አያስፈልገውም።

ሌሊት ወፍ

ስለዚህ የመጀመሪያው መልስህን ቀየርክ ማለት ነው? 😂

ዝም_አይነቅዝም

ስሜን አንብብ።

ጀማሪ_ዳይሬክተር

ሰላም ሁላችሁም። ንግግር የሌለው አጭር ሆረር እየጻፍኩ ነው። አንዲት ሴት፣ አንድ ቤት፣ አንድ ሌሊት። ስክሪፕቱ ላይ ድምፁን እንዴት ነው የምጽፈው? ጓደኞቼ «ድምፅ በኋላ ይጨመራል፣ አሁን አትጨነቅ» ይሉኛል።

ነገረኛው

ጓደኛ ቀይር።

የምሬን ነው። ንግግር ባለበት ፊልም «ንግግሩ በኋላ ይጨመራል» የሚል አለ? አንተ ጋ ንግግሩ ድምፁ ነው። የእያንዳንዱን ድምፅ ተራ መስመር ሰጥተህ ጻፈው። ማን አወጣው፣ ማን ሰማው፣ የሰማው ሰው ምን አደረገ። ካልሰማችውም «አልሰማችውም» ብለህ ጻፍ፣ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ለማትናገርበትም ምክንያት ስጣት፣ እለምንሃለሁ።

ሌሊት ወፍ

ከነገረኛው ላይ ልጨምር። አንድ ድምፅ መርጠህ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ አስተዋውቀው፣ ምንም በማያስፈራበት ጊዜ። ዳይሬክተሩ ፍሪትስ ላንግ በ1931 «ኤም» በሚለው ፊልሙ ላይ ያደረገው ይሄን ነው። ገዳዩ ሁልጊዜ አንድ ዜማ ያፏጫል። መጨረሻ ላይ የሚያጋልጠው ማየት የተሳነው ፊኛ ሻጭ ነው፣ በፉጨቱ ለይቶት። ድምፅ ያለው ፊልም ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ መሆኑን አስብ። አንተም ያንን ድምፅ በኋላ ስታመጣው ምንም ነገር ማሳየት አይጠበቅብህም።

ሚክሰር

ጎሽ፣ ሁለቱም ጥሩ መክረውሃል። እኔ የቀረውን ልበል።

ትንፋሽ። ንግግር በሌለበት ፊልም ንግግሩ ትንፋሽ ነው። ተዋናይህን ቀረጻው ካለቀ በኋላ ጸጥ ወዳለ ክፍል አስገባትና ትዕይንቱን እያየች ትንፋሿን ብቻ ቅዳው። የተያዘ፣ በአፍንጫ የወጣ፣ ሊወጣ ሲል የተዋጠ። ከዚያ በአንድ ቦታ ትንፋሿን ጨርሶ አውጣው። ተመልካቹም ሳያውቀው የራሱን ይይዛል።

የሚክሲንጉ ችግርም እዚሁ ላይ ነው። በተለመደው ሥራ የድምፅ ከፍታ የሚለካው በንግግሩ ነው። ኔትፍሊክስ ለምሳሌ ንግግሩ −27 ኤልኬኤፍኤስ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) አካባቢ እንዲሆን ይጠይቃል፣ ሌላው ከዚያ ላይና ታች ይደረደራል። ንግግር ከሌለ መለኪያህ ጠፋ ማለት ነው። ምን ያህል ጮኸ፣ ምን ያህል ቀነሰ የሚለው በእጅህ ይቀራል። እኔ እንዲህ ያለ ሥራ ሲገጥመኝ ትንፋሹን እንደ ንግግር ቆጥሬ ሌላውን በሱ ዙሪያ አስቀምጣለሁ።

የሚሰበር አጥንት ከፈለግክ ሴለሪ የሚባለውን አትክልት አጣምመህ ስበረው። የፎሊ ሰዎች (ለፊልም ኮቴውን፣ ስብራቱን በእጃቸው እየሠሩ የሚቀዱት) የቆየ ዘዴ ነው፣ እስካሁን የተሻለ አላየሁም። ግን አታብዛው። አንድ ትዕይንት ውስጥ ሦስት ድምፅ በጣም ይበቃል። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ጥፋት ክፍተት ባየ ቁጥር «ዉዉዉም» የሚል ነገር ከሥር መለጠፍ ነው።

በዓይኔ

እና ጀማሪ፣ ሰብታይትሉን ለማታውቀው ሰው አትስጥ። ራስህ ጻፈው። ድምፁ በሚመጣበት ቅጽበት እንጂ ቀድሞ አይውጣ። ተመልካቹ መጠራጠር ባለበት ቦታ አንተም ተጠራጥረህ ጻፍ፤ «የሆነ ነገር የተንቀሳቀሰ ይመስላል» ማለት ይቻላል እኮ።

ጀማሪ_ዳይሬክተር

በዓይኔ፣ ይሄን ጭራሽ አስቤው አላውቅም፣ ስክሪፕቱ ላይ አሁኑኑ አስገባዋለሁ። ስጨርስ አንቺ ብታዪልኝ ደስ ይለኛል።

ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ውድ ማይክ የለኝም። ትንፋሹን በምን ልቅዳው?

ባዮ_ተማሪ

እስከዚያ ተመልካቾችም ስሙ፦ ቴሌቪዥናችሁ ላይ «ናይት ሞድ» የሚባል ነገር ካለ አጥፉት። ትንሹን ድምፅ ከፍ፣ ትልቁን ዝቅ ያደርገዋል። ለዜና ይሆናል፣ ለእንዲህ ያለ ፊልም ግን መርዝ ነው። ጎረቤት ካስቸገረ ሄድፎን አድርጉ።

ሚክሰር

ባለህ ማይክ ቅዳው። ልዩነት የሚያመጣው ክፍሉ ነው። ልብስ የበዛበት ቁም ሣጥን አጠገብ ብትሆን ማስተጋባቱ ይቀንስልሃል። ማይኩን ከአፏ ፊት ለፊት አታድርገው፣ የምታወጣው አየር ይመታውና ድምፁ ይፈነዳል። ወደ ጉንጯ በኩል ዞር አድርገው፣ አንድ ስንዝር ያህል አርቀህ። ቀድተህ ስትጨርስ እዚሁ ክር ላይ ለጥፈው፣ እንሰማዋለን።